ነጭ ነጠላና ኒኮን ዲ70፦ የአንድ የሐዋሳ ፎቶ ቤት ጉዳይ

ጉዳዩ የአንዲት ካሜራና የአንድ ሐበሻ ቀሚስ ነው። የደረሰው በጥር 1998 ዓ.ም. ሐዋሳ ውስጥ፣ ያኔ ተቀጥሬ እሠራበት በነበረ ፎቶ ቤት ነው። ካሜራዋ ኒኮን ዲ70 ናት። ቀሚሱ ደግሞ አንዲት የሙሽራ እናት ለልጃቸው ሠርግ ብለው ፈትሉን በእጃቸው ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው ያሠሩት ነው። ካሜራዋን የያዘ ባለሙያ ሁሉ የየራሱን ፍርድ ሰጥቶባት ነበር። እኔ የቤቱ ታናሽ ስለነበርኩ የባትሪ፣ የካርድና የፊልም ወጪ የምመዘግብበት ደብተር ነበረኝ፤ የሰዎቹንም አባባል ጥግ ጥጉ ላይ እጭርበት ነበር። አሁን ሳነበው፣ አብዛኛው አስተያየት ከካሜራዋ ይልቅ ተናጋሪው ዕድሜውን በምን እንደሠራ የሚናገር ይመስለኛል።

ቤቱና ካሜራዋ

ፎቶ ቤቱ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። የዕለት እንጀራችን ጉርድ ፎቶ ነበር፦ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለፓስፖርት። ሐምሌ ሲመጣ ያኔ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው ተማሪዎቹን ያስመርቃል፤ ጥር ሲመጣ ሠርግ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሩሲያ ዜኒት ጀምረው፣ ብዙ ዓመት በኒኮን ኤፍኤም2 የፊልም ካሜራ የሠሩ፣ ብርሃን በዓይናቸው የሚለኩ ሰው ናቸው። ላይት ሜትሩን፣ ማለትም የካሜራውን የብርሃን መለኪያ፣ የሚያዩት ራሳቸውን ለማረም ሳይሆን እሱን ለመታዘብ ይመስል ነበር።

ዲ70ን በ1997 ዓ.ም. ክረምት የእህታቸው ልጅ ከአሜሪካ ይዞላቸው መጣ። ዲጂታል ኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀየር፣ በዚያው ሌንስ በኩል እያዩ የሚያነሱበት ካሜራ) ያኔ ለዓለም አዲስ አልነበረም። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1991 በኒኮን ኤፍ3 አካል ላይ የሠራው ካሜራ 1.3 ሜጋፒክሰል ነበር፤ ምስል የሚያስቀምጥበትን ሣጥን ባለቤቱ በትከሻው አንጠልጥሎ ይዞራል። በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 2.7 ሜጋፒክሰል ሆኖ አምስት ሺህ ዶላር አካባቢ ያወጣ ነበር፤ የጋዜጣ ድርጅት እንጂ የጉርድ ፎቶ ቤት የሚገዛው ዕቃ አይደለም። ነገሩ የተለወጠው ካኖን በ2003 300ዲን፣ አካሉን ብቻ በ899 ዶላር ሲያወጣ ነው። ኒኮን በ2004 መጀመሪያ በዲ70 መለሰ፦ 6.1 ሜጋፒክሰል፣ አካሉ 999፣ ከ18-70 ሌንሱ ጋር 1,299 ዶላር። በጊዜው ምንዛሪ አሥራ አንድ ሺህ ብር ያልፋል። የእኔን ደመወዝ አልነግራችሁም።

ማን ምን አለ

ጋሼ በመጀመሪያው ሳምንት «መጫወቻ ናት» አሉ። በእጅ ቀለለቻቸው። በፕላስቲክ የተሸፈነ ካሜራ ይዘው ሠርግ ቤት መግባት አሳፈራቸው። ከሁሉ በላይ ያስመረራቸው የምታይበት ቀዳዳ ነው፤ ከኤፍኤም2 ሰፊና ብሩህ መስኮት መጥተው ዲ70 ላይ ዓይናቸውን ሲያሳርፉ «በቁልፍ ቀዳዳ ጎረቤት ማየት ነው» አሉ። ይህ የእሳቸው ብቻ ቅሬታ አልነበረም፤ የዚያን ዘመን ርካሽ ዲጂታሎች ሁሉ ይታሙበት ነበር። የብርጭቆ ፕሪዝም በመስተዋት ስለተተካና በፊልም ፈንታ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰርም ከፊልም ፍሬም ስለሚያንስ፣ የሚታየው ምስል ትንሽና ደብዘዝ ያለ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታቸው ሌንስ ነው። አሮጌዎቹ የኒኮን ሌንሶቻቸው ዲ70 ላይ ይገባሉ፤ ግን ላይት ሜትሩ ይሞታል፣ ካሜራዋም ከማኑዋል (ሁሉን በእጅ ከሚመርጡበት) ውጪ አትሠራም። በዚያ ላይ ሴንሰሩ 23.7 በ15.6 ሚሊ ሜትር፣ ፊልሙ ግን 36 በ24 ስለሆነ ሌንሱ ሁሉ በአንድ ተኩል የተባዛ ያህል ይጠብባል። ቤተ ዘመድ በአንድ ሳሎን ሰብስበው የሚያነሱባት ባለ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ 42 ሆነች። «ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እንኳ አማቾቹ አልገቡልኝም» ይሉ ነበር። ይህንን የመጣችበት ሌንስ በ18 በኩል ትሸፍነዋለች፤ እሳቸው ግን የራሳቸውን ሌንሶች ነበር የሚያምኑት።

ኳስ ሜዳ የሚያነሳ አንድ ወዳጃችን ነበር። ሐዋሳ ከነማ በ1996 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን በተዋሰው ፊልም ካሜራ ነበር ያነሳው፤ በኋላ ካኖን 300ዲ አገኘ። የሱ አስተያየት ከሁሉ አጭር ነው፦ «ይቺ ስትከፍታት ዝግጁ ናት። የኔዋ እስክትነቃ ጎሉ ይገባል።» እውነቱን ነው። 300ዲ ለመነሳት ጥቂት ሰከንድ ትፈልጋለች፤ አራት ፍሬም ተኩሳም ትንፋሽ ትወስዳለች።

ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል አካባቢ እየዞሩ ሰው የሚያነሱት ልጆች ደግሞ ካሜራዋን ገና ሳይነኳት ጠሏት። ምክንያታቸውን ለመስማት አንድ እሑድ አብሬያቸው ዋልኩ። የእነሱ ሥራ እንዲህ ነው፦ ጥንዶቹን ከሐይቁ ጋር ያነሳሉ፣ ቀብድ ይቀበላሉ፣ በማግስቱ ታጥቦ የታተመውን ያደርሳሉ። ደንበኛው ፎቶውን የሚያየው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። «በዚህኛው ግን» አለኝ አንዱ፣ ዓሣ የሚሻሙትን አባ ኮዳዎች በእግሩ እያባረረ፣ «አሳየኝ ይልሃል። ታሳየዋለህ። ዓይኔ ተጨፍኗል፣ አጥፋው ይልሃል። አሥር ጊዜ አንስተህ አሥራ አንደኛው ላይ መሸ፣ ነገ እንመጣለን ብሎህ ይሄዳል።» ፊልም ያልታየ ነገር መሸጥ ያስችል ነበር፤ ይሄን ደግሞ አፍ አውጥቶ የተናገረ ከእነሱ በቀር አልሰማሁም።

እታለም የምንላት ሴት ኔጌቲቭ ላይ በእርሳስና በስስ ብሩሽ ጠባሳ የምታጠፋ፣ ሽበት የምታጠቁር የቤቱ ጥበበኛ ነበረች። ዲጂታሉ ሲመጣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች። ለአንድ ሠርግ ሦስት ጥቅልል፣ 108 ፎቶ ይበቃን የነበረው ወደ ስድስት መቶ አደገ። «ፊልም የሚገዛው ጋሼ ስለነበር ይቆጥብ ነበር፤ የኔን ዓይን ግን የሚገዛው የለም» አለች። ከሁሉም አስተያየት ውስጥ ትክክለኛው የሷ ይመስለኛል፤ ሰሚ ግን አላገኘችም።

ሠርጉ

ከጥምቀት በኋላ የመጀመሪያው እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጋሼ በኤፍኤም2 አንድ ጥቅልል አነሱ፤ ዲ70ን ለውጪ አቆዩዋት። ወደ ሰባት ሰዓት ላይ አጃቢው ሁሉ ሐይቅ ዳር ወረደ። የጥርን ፀሐይ የሐዋሳ ሰው ያውቀዋል፦ ደመና የለም፣ ሐይቁ ራሱ እንደ መስተዋት ከታች ያበራል፣ ከላይ የሚወርደው ብርሃን ቅንድብ ሥር ጥላ ይጥላል።

ጋሼ ሠላሳ ዓመት እንዳደረጉት አደረጉ። ወደ ሙሽሪት እናት ቀረቡ፣ ካሜራዋን ፊታቸው ላይ ሞልተው ለኩ፣ በማኑዋል 500ኛ ሰከንድ፣ አፐርቸር (ቁጥሩ ሲያድግ የሚጠበው የሌንሱ ቀዳዳ) 5.6 ላይ አሰሩት፣ ወደ ኋላ ሄደው አነሱ። አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራዋ ለብርሃን ያላት ስሜት፣ 200 ነው። ለማያውቀው ሰው፦ ለጠራራ ፀሐይ የድሮዎቹ መለኪያ አፐርቸር 16 ላይ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ከፊልሙ ቁጥር ጋር ማስተካከል ነው፤ ለ200 ፊልም 200ኛ ሰከንድ ገደማ። የጋሼ አሰራር ከዚህ ወደ ሁለት ስቶፕ የሚጠጋ የበለጠ ብርሃን ያስገባል፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። የሚያስገባውም አውቀው ነው። ጠይም ፊት በቀትር ጥላ ውስጥ ሲሆን፣ ፊልም ላይ ካልከፈቱለት ጭቃ ሆኖ ይወጣል። «ለጥላው ክፈት፣ ነጩ ራሱን ያውቃል» የሚለው የቤታችን ሕግ ነበር፤ እኔንም ያስተማሩኝ በዚሁ ነው።

ከዚያ ሁለታችንም ዛፍ ሥር ገባን፣ እስክሪኑን በጋቢዬ ከልዬ አየን። 1.8 ኢንች ናት፤ ከቴምብር ብዙ አትበልጥም። ፊታቸው ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ፈገግታቸው አለ። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ «አይ፣ ደህና ናት» ሲሉ ሰማኋቸው። ሁለት ካርድ ስለነበረን፣ አንዱ ሲሞላ ብስክሌቴን እየረገጥኩ ወደ ቤት እሄድና ኮምፒዩተር ላይ ገልብጬ እመለሳለሁ። 512 ሜጋባይት ካርድ በጥሩው ጄፔግ (ካሜራዋ ራሷ አጠናቅቃና ጨምቃ በምታስቀምጠው) ወደ 140 ፎቶ ይይዛል፤ በሮው (ሴንሰሩ ያየውን በጥሬው በሚያስቀምጠው) ቢሆን ከዚያ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ሮው አላነሳንም። ይህንን ያዙልኝ።

ማታ እታለም ከፈተችው። ጠርታ ስታሳየኝ ምንም አልተናገረችም፤ ጣቷን ብቻ እስክሪኑ ላይ፣ የእናቲቱ ደረት ላይ አስቀመጠች። ከአንገታቸው እስከ ጉልበታቸው ያለው ነጭ ወረቀት ነበር። የነጠላው እጥፋት የለም፣ የፈትሉ መስመር የለም፣ ጥለቱ እንኳ ወርቃማው ክፍል ተበልቶ ቀዩ ብቻ ብጣሽ ብጣሽ ሆኖ ቀርቷል። ፎቶሾፕ ላይ ብርሃኑን ስትቀንሰው ነጩ ግራጫ ሆነ፤ አሁንም ምንም የሌለበት ግራጫ። ሐይቅ ዳር የተነሳው ሁሉ እንደዚያው ነው። የሙሽሪትም ቬሎ እንደዚሁ ነበር፤ እሷ ግን ፊቷን ስላየች ደስ አላት።

እናትየው ፎቶዎቹን ሊወስዱ ሲመጡ ቆመው አገላበጡ፤ ከዚያ ተቀመጡ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ እዚህ ላይ አንሶላ ነው የለበስኩት?» ጋሼ ከጓዳ ወጡ። «ወንድሜ፣ ፈትሉን ሁለት ክረምት ነው የፈተልኩት» አሏቸው። ጩኸት አልነበረም። ጋሼ ቀሪውን ክፍያ ተዉላቸው። ሴትየዋ ግን ገንዘቡን አልነበረም የጠየቁት።

ምርመራው

ጋሼ በማግስቱ ዲ70ን ወደ ካርቶኗ መለሷት። «ፊልም ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር» አሉ። ትክክል ነበሩ፤ በዚያ ላይ የማንም ክርክር የለም። ጥያቄው ለምን የሚለው ነው፤ እሱን የመለሱልን ደግሞ ከፎቶ ቤቱ ውጪ የነበሩ ሰው ናቸው።

ጠዋት ጠዋት ቡና ሊጠጡ ወደ ቤታችን የሚመጡ ጡረተኛ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ መምህር ይላቸዋል። በሥራ ዘመናቸው ለማስተማሪያ የሚሆን የእርሻ ፎቶ በስላይድ ያነሱ ነበር፦ የበቆሎ በሽታ፣ የከብት መዥገር፣ የተሸረሸረ ማሳ። ሠርግ አንስተው አያውቁም። ጋሼ «እሱ የመዥገር ፎቶ አንሺ ነው» እያሉ ያላግጡባቸው ነበር። መምህር የሠርጉን ፎቶ እታለም ኮምፒዩተር ላይ አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ይሄማ ስላይድ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረው «አንተ በኔጌቲቭ እጅ ስላይድ አነሳህ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔጌቲቭ ፊልም ላይ ብርሃን ሲበዛ ፊልሙ ይጠቁራል እንጂ ወዲያው አይዘጋም፤ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ቀስ እያለ ይጨመቃል። ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ስቶፕ ቢበዛበት የነጠላው ፈትል እዚያ ውስጥ አለ፤ አታሚው ወረቀቱ ላይ ያወጣዋል። ብርሃን ሲያንስበት ግን የሚያወጣው ነገር የለም፤ ጥላው ባዶ ነው። ስለዚህ የኔጌቲቭ ሰው ወደ መክፈት ያዘነብላል። ስላይድ ግን ራሱ የመጨረሻው ምስል ነው፤ የሚያርምለት አታሚ የለም። ነጩ ከተቃጠለ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል። ስላይድ አንሺ ዕድሜ ልኩን ነጩን እየጠበቀ ይኖራል። የዲጂታል ሴንሰርም ጠባዩ እንደዚሁ ነው፦ እያንዳንዷ ነጥብ እንደ ጣሳ ብርሃን ትሰበስባለች፤ ጣሳው ከሞላ በኋላ የሚፈሰው ፈሰሰ። በጄፔግ የብርሃኑ ቁጥር 255 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ፈትልም ወረቀትም አንድ ነው። ሮው ይዘን ቢሆን ግማሽ፣ ቢበዛ አንድ ስቶፕ ይመለስልን ነበር። ጠይሙን ፊት ወደ መሐል ባመጣነው ቁጥር ነጩ ቀሚስ ከሱ ሦስት ተኩል፣ አራት ስቶፕ ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ያን ያህል ደግሞ ጄፔግ አይሸከምም።

ጋሼ በወሬ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። መምህርም አላስገደዷቸውም፤ «እንሞክረው» ብቻ አሉ። አጋጣሚው ጥሩ ነበር፦ ቤት ውስጥ ያለን ፊልም 200 ነው፣ ዲ70ም ከ200 በታች አትወርድም፤ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማሰለፍ ይቻላል። እታለም ነጠላ ለብሳ ደጅ ላይ፣ ግማሽ ፊቷ ፀሐይ ግማሹ ጥላ ሆኖ ዱካ ላይ ተቀመጠች። በአንድ ትራይፖድ፣ በተራ፣ መጀመሪያ ኤፍኤም2፣ ቀጥሎ ዲ70። ጋሼ ፊቷ ላይ ለኩ፤ ያንን ዜሮ አልነው። ከዚያ ሁለት ስቶፕ ቀንሰን፣ አንድ ቀንሰን፣ ዜሮ፣ አንድ ጨምረን፣ ሁለት ጨምረን። ፊልሙን ለብቻው ሦስት ጨምረንም አነሳነው። እታለም በየመሐሉ «አንገቴ ተጣመመ» እያለች።

ፊልሙን አሳጠብን፣ ሲዲውን በጠዋት አውቶቡስ አዲስ አበባ ልከን አሳተምን፤ ያኔ ዲጂታል የምናሳትመው እዚያ ነበር። አሥራ አንዱንም ፎቶ ጠረጴዛ ላይ በሁለት ረድፍ ደረደርናቸው። ሁለቱ ረድፎች የተገለበጡ ነበሩ። የፊልሙ ረድፍ ከዜሮ እስከ ሁለት ሲጨመር ምንም አልሆነም፤ ሦስት ላይ ቀለሙ ትንሽ ቆሸሸ፣ ጥለቱ ግን ሙሉ ነው። ሲቀነስ ግን በአንድ ስቶፕ ጥላው ተበላሸ፣ በሁለት ስቶፕ የእታለም ግራ ፊት የለም። የዲ70 ረድፍ ዜሮ ላይ የነጠላዋ ትከሻ ጠፍቷል፤ አንድ ሲጨመር ደረቷም ሄደ፤ ሁለት ላይ ያ የሠርጉ ወረቀት ነው። አንድ ስቶፕ ሲቀነስ ነጠላው ፈትሉ ሳይቀር ይቆጠራል። ፊቷ ጠቁሯል፤ ነገር ግን እታለም ራሷ ፎቶሾፕ ላይ ስታነሳው ወጣ፣ ጥላው ላይ ትንሽ እህል እህል የሚል ነገር ይዞ። ሁለት ሲቀነስም ይወጣል፤ ያኔ ግን ፊቷ ፈንጣጣ የወጣበት መሰለ።

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ብዙ ቆዩ። በቤቱ ውስጥ በዚያች ካሜራ ፎቶ በሚገባ ሊያበላሽ የሚችለው ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው ሰው ነበር። እኔ ብይዛት፣ አላዋቂነቴ አውቶማቲክ ላይ ያስቀምጣት ነበር፤ ምናልባት ግማሹ ቀሚስ ይተርፍ ነበር። ይህን ለእሳቸው አላልኳቸውም።

መምህር ሌላም ነገር አገኙልን። ዲ70 ፎቶውን ስታሳይ ገጽ ብትቀይርላት የተቃጠለውን ነጭ ብልጭ ድርግም እያደረገች ታመለክታለች፤ ሌላው ገጽ ሂስቶግራሙን፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው ብርሃን እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ያወጣል። ሁለቱም ለስድስት ወር እጃችን ላይ ነበሩ። ፎቶው ቆንጆ መስሎ ከታየን ቁልፉን ለምን እንጫን?

ከዚያ በኋላ

ጋሼ ካሜራዋን ከካርቶኗ ሲያወጧት ፍርዳቸውን በአደባባይ አላነሱም። ያደረጉት የራሳቸውን አሮጌ 50 ሌንስ መግጠም ነው። ላይት ሜትር የለም፣ የሚያስታቸው የለም። በዓይናቸው ገምተው ያነሳሉ፣ ብልጭታውን ያያሉ፣ አፐርቸሩን አንድ ጠቅ ይዘጉታል። በዲ70 ካነሷቸው ሁሉ የሚያምሩት በዚያች «ሞተች» ባሏት ሌንስ የተነሱት ናቸው። ይህንን በምንም የካሜራ ግምገማ ላይ አላነበብኩም።

የሐይቅ ዳሩን ብርሃን የፈታልን ግን የካሜራዋ የራሷ ችሎታ ነው። ፍላሽ ከሸተር ጋር የሚገጥምበት ፍጥነት በኤፍኤም2 250ኛ ሰከንድ ነው፤ በዲ70 500ኛ። በቀትር ፀሐይ በ200 አይኤስኦ፣ 500ኛ ሰከንድ ከአፐርቸር 11 ጋር ነጩን ቀሚስ ልክ ያስቀምጠዋል፤ የጠቆረውን ፊት ደግሞ ፍላሹ ያነሳዋል። ኤፍኤም2 ላይ ያንኑ ለማድረግ አፐርቸሩን 16 ላይ መዝጋት ያስፈልጋል። በዚያ ሦስት ሜትር የሚደርሰው ፍላሽ በዲ70 አራት ሜትር ከሩብ ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሙሽሮችን ብቻ ማንሳትና ሚዜዎቹን ጨምሮ ማንሳት ማለት ነው።

በዚያው በጥር ወር ኒኮን ከኤፍ6ና ከኤፍኤም10 በቀር አብዛኞቹን የፊልም ካሜራዎች ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። ዜናውን ያመጡት መምህር ናቸው። ጋሼ ሰምተው ቡናቸውን ጨረሱ፤ ኤፍኤም2ውን ግን ለቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥራ ብዙ ጊዜ ያዙት። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ የዲ70 ባትሪ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ቀዝቅዞ ሲያገኙት፣ ኤፍኤም2ውን ከመደርደሪያ ያነሱና ሆን ብለው ባዶውን ጠቅ ያደርጉታል። ሸተሩ በስፕሪንግ ነው የሚሠራው፤ ባትሪ ቢያልቅም የሚጠፋው ላይት ሜትሩ ብቻ ነው።

የእታለም ጉዳይ አልተፈታም። ስድስት መቶው ፎቶ ስድስት መቶ እንደሆነ ቀጠለ፤ አሁን ደግሞ ሁሉም ጠቆር ብሎ ስለሚነሳ ፊት የማንሳቱ ሥራ ተጨመረባት። የሐይቅ ዳር ልጆችም የፈሩት ደረሰባቸው፤ ከእነሱ ብልሆቹ እስክሪኑን በፕላስተር ሸፍነው «ተበላሽቷል» ይሉ ጀመር።

የሙሽሪት እናት የካቲት ላይ ተመለሱ። ጋሼ ናቸው ያስጠሯቸው፤ «ቀሚሱን ለብሰው ይምጡልኝ» ብለው። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሐይቅ ዳር፣ 500ኛ፣ 11፣ ፍላሽ፤ ብልጭታውን እኔ አየሁ፣ አንድም ቦታ ድርግም አላለም። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር አሳተምነው። እታለም ሰግታ ነበር፤ 3008 በ2000 ነጥብ በጥሩ ጥራት የሚበቃው ለ25 በ17 ነው፣ በዚህ መጠን ግን በኢንች ከ170 ብዙ አያልፍም። ሴትየዋ በእጃቸው ጥለቱን ተከትለው ሄዱ፣ ከታች እስከ ላይ።

«ቀሚሱ ወጥቷል» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ሠርጉ ግን የለበትም።» ገንዘብ ሲያወጡ ጋሼ እጃቸውን ያዟቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ ቤታቸው ሄጄ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አየሁት። ከጎኑ በኤፍኤም2 የተነሳው የቤተ ክርስቲያኑ ፎቶ ተሰቅሏል፣ በተመሳሳይ ፍሬም። ከበሩ ሆኜ ሳይ ልዩነት አልነበራቸውም። ቀረብ ስል የፊልሙ ላይ ጥቃቅን እህል አለ፣ ጥላው ውስጥ የሙሽሪት እናት ግማሽ ፊት አይታይም፤ ከኋላቸው ግን ሰው ሁሉ አለ፣ አጎቱ፣ ሚዜዎቹ፣ ሻማ የያዘችው ትንሽ ልጅ።